ስሙ ሌላ፣ ጠባዩ ሌላ፦ የቆየ የጊታር ፒክአፕን ስለ መለየትና ስለ መግጠም

አንድ የቆየ የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ከጊታሩ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ጥያቄ ያስነሳል። አንደኛው «የማን ሥራ ነው? መቼስ ተሠራ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ምን ዓይነት ነው? እንዴትስ ይገጠማል?» የሚል ነው። ገበያው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጠይቃል። ሻጩ ስም ይጠራል፤ ገዢው ስሙን ሲሰማ ድምፁን የሰማ ይመስለዋል፤ ጠጋኙም በተነገረው ስም የሽቦ ሥዕል ፈልጎ ካውያውን ያሞቃል። በዚህ ዳሰሳ የምሟገተው ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያዩ ብዬ ነው። ፒክአፕን በትክክል ለመግጠም ስሙን ማወቅ አያስፈልግም፤ ጠባዩን መለካት ይበቃል። ስሙን ማወቅ ለሚፈልግም ቢሆን መነሻው ልኬት ነው፤ መለያ፣ ቀለምና ወሬ ተራቸውን መጠበቅ አለባቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃው በራሱ ውስብስብ አይደለም። ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር ተጠምጥሟል፤ ይህ ጥምጥም ኮይል ይባላል። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱ መስክ ይናወጣል፤ መስኩ ሲናወጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያሳየው ሕግ ይኸው ነው። ክሩ ብረት ካልሆነ ነገሩ አይሠራም፤ ስለዚህም የጅማት ወይም የናይለን ክር የተወጠረበት ክራር ሥር ይህን ፒክአፕ ቢያስጠጉት ምንም አያሰማም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ቦሻም ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር የፈረስ ኮቴ ቅርፅ ባለው ማግኔት የሠራው ጊታር ገበያ ላይ ዋለ፤ ፓተንቱ በ1937 ተሰጠ። ጊብሰን በ1936 ኢኤስ-150ን፣ በ1946 ፒ-90 የተባለውን ፒክአፕ አመጣ። ፌንደር በ1950 ጠፍጣፋና ድፍን ገላ ያለውን ጊታሩን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን አወጣ። ዛሬ «አሮጌ» ተብለው የሚሸጡት ፒክአፖች ብዙዎቹ ከእነዚህ የወጡ ወይም እነዚህን የቀዱ ናቸው፤ ጭቅጭቁም በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው።

ከመለያው ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ የሚታመነው እሱ ነውና። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 ሁለት ኮይሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በማግኔት ዋልታም በአጠማጠም አቅጣጫም ተቃራኒ አድርጎ አገናኛቸው። የክሩ ድምፅ በሁለቱ ኮይሎች ይደመራል፤ ከመብራት መስመር የሚገባው «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ግን እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህ ጉርምርምታ እኛ አገር ከ50 ኸርዝ፣ አሜሪካ ከ60 ኸርዝ መስመር የሚመጣ ነው። ሀምባከር የሚባለው ፒክአፕ ይኸው ነው። ላቨር የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው በሰኔ 1955 ሲሆን ፓተንቱ የተሰጠው በሐምሌ 1959 ነበር። ጊብሰን ግን ከ1957 ጀምሮ ከፒክአፑ ሥር «ፓተንት ተጠይቋል» (Patent Applied For) የሚል ትንሽ ጥቁር ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ ሰብሳቢዎች «ፒኤኤፍ» እያሉ በከፍተኛ ዋጋ የሚገዙት ይህ ወረቀት ያለበትን ፒክአፕ ነው። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላም ወረቀቱ እስከ 1962 አካባቢ መለጠፉን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት የፓተንት ቁጥር ይዞ መጣ፤ ቁጥሩ 2,737,842 ነው። የላቨር ፓተንት ቁጥር ግን 2,896,491 ነው። ወረቀቱ ላይ የታተመው ቁጥር ጊታር ተጫዋቹ ሌስ ፖል በጊታር የክር ማሰሪያ ላይ ያገኘው ፓተንት ነው። ስህተት ነበር ወይስ ቀጂዎችን ለማሳሳት የተደረገ፣ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በወረቀቱ ከተመራን እጃችን ላይ ያለው ፒክአፕ ሳይሆን የክር ማሰሪያ ነው ማለት ነው።

ፋብሪካው ራሱ በትክክለኛው ፒክአፕ ላይ የለጠፈው ትክክለኛ ወረቀት እንዲህ ከሆነ፣ ከፋብሪካ ውጭ የተለጠፈው እንዴት ይታመናል? ዛሬ የዚያ ጥቁር ወረቀት ቅጂ ለብቻው ይሸጣል። ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ጊብሰን የተለያየ ደረጃ ያላቸውን አልኒኮ ማግኔቶች እያቀላቀለ ይገጥም ነበር፤ የጠመጠማው ዙር ብዛትም ከአንዱ ኮይል ወደ ሌላው ይለያያል። አንዱ ፒኤኤፍ 7 ኪሎ ኦም፣ ሌላው 9 ኪሎ ኦም የሚያነበው በዚህ የዙር ልዩነት ምክንያት ነው። «መለያው እኮ ብዙ ጊዜ ልክ ነው» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። እኔም መለያው ይጣል አልልም። መለያ ግን መላምት ነው፤ መላምት ደግሞ ይፈተናል እንጂ ተይዞ አይበየድም።

ቀለምም ከመለያ አይሻልም። አራት ሽቦ ያለው ሀምባከር ሲገኝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሽቦውን ቀለም ነው። ሁለቱን የታወቁ አሜሪካውያን ሠሪዎች እንውሰድ። በሴይሞር ደንከን ሥርዓት ጥቁሩ ሽቦ ሆት (ድምፁን ወደ ማጉያው የሚወስድ) ነው፤ ቀዩና ነጩ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ አረንጓዴው ወደ ግራውንድ ይሄዳል። በዲማርዚዮ ሥርዓት ደግሞ ሆት የሚሆነው ቀዩ ነው፤ ጥቁሩና ነጩ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ አረንጓዴው እዚህም ግራውንድ ነው። አረንጓዴው በሁለቱም አንድ መሆኑ ይበልጥ ያሳስታል፤ አንዱን ልክ ያገኘ ሰው ሌሎቹንም ያገኘ ይመስለዋልና። ስሙ ተቧጥጦ የጠፋ ፒክአፕ ላይ ገማቹ ከተሳሳተ ወይ አንድ ኮይል ብቻ ይሠራለታል፣ ወይ ሁለቱ እርስ በርስ ተጣፍተው ድምፁ ይከስማል። የጠመጠማው ሽቦ ልባስ ቀለም ግን ትንሽ ይበልጥ ይረዳል፦ ፕሌይን ኢናሜል የሚባለው ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ያዘነበለ ነው፣ ፎርምቫር ወደ ማር፣ ፖሊዩሬታን ወደ ደማቅ መዳብ። ይህ ዘመንን ለመገመት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሽቦ አምራቾች ያንኑ ዓይነት ሽቦ ዛሬም ይሠራሉ።

በጊታሩ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ በፖቴንሽዮሜትሩ፣ ጀርባ ወይም ጎን የታተመው ቁጥር ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው ይባላል፤ በከፊል እውነት ነው። በአሜሪካ የተሠሩት ኮድ ይይዛሉ፤ መጀመሪያ ያሉት ሦስት አኃዞች አምራቹን (137 ሲቲኤስን፣ 304 ስታክፖልን)፣ ቀጣዮቹ ዓመቱንና ሳምንቱን ያመለክታሉ። 1376633 ማለት ሲቲኤስ በ1966 በ33ኛው ሳምንት የሠራው ማለት ነው። ይህ ግን የፖቴንሽዮሜትሩ ዕድሜ ነው፤ ፒክአፑ ከእሱ ጋር አብሮ መወለዱን የሚያረጋግጠው ያልተነካ ብየዳ ብቻ ነው። ብየዳው ያልተነካ ቢሆንም ቁጥሩ የሚናገረው «ከዚህ በፊት አልተገጠመም» የሚለውን ብቻ ነው። ፌንደር በ1966 በብዛት ያስገባቸውን ፖቴንሽዮሜትሮች ለዓመታት ሲጠቀምባቸው ስለቆየ፣ የ1966 ቁጥር ያለበት የ1969 ጊታር ማግኘት ብርቅ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ፤ ምክንያቱም «ልኬት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በቴስተር የሚነበበውን የኦም መጠን። ሻጮች ይጽፉታል፣ ገዢዎች ያወዳድሩታል፣ ከፍ ያለው «ኃይለኛ» ይባላል። እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። 42 ቁጥር ሽቦ ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ሜትር 5.4 ኦም ገደማ ይቃወማል። 7.5 ኪሎ ኦም ያነበበ ሀምባከር ውስጥ ወደ 1,380 ሜትር ሽቦ ተጠምጥሟል ማለት ነው። ያንኑ ርዝመት በቀጠነው በ43 ቁጥር ሽቦ ብንጠመጥመው ንባቡ ወደ 9.5 ኪሎ ኦም ይወጣል። የዙሩ ብዛት አልጨመረም፣ ማግኔቱ አልጠነከረም፣ ቁጥሩ ግን ከሩብ በላይ አደገ። የፌንደር ቴሌካስተር ጊታር የአንገት ፒክአፕ በ43 ቁጥር ስለሚጠመጠም 7 ኪሎ ኦም ተኩል አካባቢ ያነባል፤ የስትራቶካስተሩ በ42 ቁጥር 6 ኪሎ ኦም አካባቢ። ከዚህ ተነስቶ የቴሌካስተሩ የአንገት ፒክአፕ ይበልጣል የሚል ሰው ጆሮውን ሳይሆን ቴስተሩን ሰምቷል።

ሙቀትም አለ። መዳብ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ገደማ ተቃውሞው ይጨምራል። በ15 ዲግሪ የአዲስ አበባ ማለዳ 7.5 ኪሎ ኦም ያነበበ ፒክአፕ፣ በ35 ዲግሪ የድሬዳዋ ቀትር 8.1 ያነባል። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ 7.5 እና 8.1 እንደ ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች ይቆጠራሉ፤ እዚህ ግን ዕቃው አንድ ነው፣ የተለወጠው የአየሩ ሙቀት ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ቁጥር ለምን ይለካል? ሁለት ነገር በአስተማማኝ ስለሚናገር ነው፦ ኮይሉ ተበጥሷል ወይስ አልተበጠሰም፣ የትኞቹ ሁለት ሽቦዎችስ የአንድ ኮይል ጫፎች ናቸው። ከዚህ በላይ ሲጠየቅ ይዋሻል።

ስለ ድምፁ የሚናገረው ሌላ መጠን ነው፤ ኢንዳክታንስ ይባላል፣ በሄንሪ ይለካል። ፒክአፑ ኢንዳክታንስ አለው፤ ከጊታሩ ወደ ማጉያው የሚሄደው ገመድ ደግሞ ካፓሲታንስ አለው፣ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ። ሁለቱ ተገናኝተው በአንድ ድግግሞሽ ላይ ጉብታ ይሠራሉ፤ ከጉብታው በላይ ያለው ድምፅ ይወድቃል። የአንድ ፒክአፕ «መብራት» ወይም «መጨለም» በአብዛኛው የዚህ ጉብታ ቦታ ነው። 2.2 ሄንሪ ያለው የስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ በ600 ፒኮፋራድ ገመድ ላይ ጉብታው 4,400 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል፤ 4.4 ሄንሪ ያለው ሀምባከር በዚያው ገመድ 3,100 ኸርዝ አካባቢ። ገመዱን ብናሳጥር ጉብታው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን መለኪያ ሁሉም ጠጋኝ የለውም ቢባል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኢንዳክታንስ የሚለካው የእጅ መሣሪያ ከአንድ «ፒኤኤፍ» ተብሎ ከሚሸጥ አጠራጣሪ ፒክአፕ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። «ጆሮ አይበቃም ወይ?» ለሚል ደግሞ፣ ጆሮ የመጨረሻው ዳኛ ነው፣ መርማሪ ግን አይደለም። ሽቦው የተበጠሰ ኮይል አንዳንዴ ጨርሶ አይሞትም፤ በተጠመጠሙት ሽቦዎች መካከል ባለው ካፓሲታንስ በኩል ቀጭን፣ ባስ የሌለው ድምፅ ያሾልካል። ጆሮ ብቻውን «የድሮ ፒክአፕ ድምፅ እንዲህ ጥርት ያለ ነው» ብሎ ሊፈርድለት ይችላል፤ ቴስተር ግን ወዲያው ያጋልጠዋል።

እንግዲህ ስሙ ያልታወቀ፣ አራት ሽቦና አንድ ራቁት የሺልድ ሽቦ ያለው ፒክአፕ በልኬት ብቻ እንዴት ይገጠማል? ቴስተሩ በ20 ኪሎ ኦም ላይ ይደረግና ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት እየተያዙ ይሞከራሉ። ንባብ የሚሰጡት ጥንዶች የአንድ ኮይል ጫፎች ናቸው፤ ሌሎቹ ምንም አያሳዩም። ከታችኛው ላሜራ ጋር ዜሮ የሚያነበው ሽቦ ሺልዱ ነው፤ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ቀጥሎ አቅጣጫውን መለየት ያስፈልጋል። ቴስተሩ ከአንዱ ኮይል ጋር እንደተያያዘ የብረት ካቻቢቴ ከዚያ ኮይል የብረት ዋልታዎች ላይ በድንገት ይነካ። ንባቡ ለአፍታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዘላል፤ ካቻቢቴው ሲነሳ ደግሞ በተቃራኒው። ሲነካ ወደ ላይ ከዘለለ የቴስተሩ ቀይ ጫፍ የያዘው ሽቦ «ፕላስ» ተብሎ ምልክት ይደረግበት፤ ወደ ታች ከዘለለ ጥቁሩ የያዘው። ሁለተኛው ኮይል ላይም እንዲሁ። ከዚያ የአንዱ ኮይል ማይነስ ከሌላው ፕላስ ጋር ይገናኛል፤ የቀረው ፕላስ ሆት፣ የቀረው ማይነስ ግራውንድ ነው። ጠቅላላ ንባቡ የሁለቱ ኮይሎች ድምር ካልሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል። በመጨረሻ ትንሽ ኮምፓስ ወደ ሁለቱ ረድፍ ዋልታዎች ሲጠጋ መርፌው በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ጉርምርምታውን የሚያጣፋ እውነተኛ ሀምባከር ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ስም አልተጠራም፣ ቀለምም አልተጠየቀም።

ሁለት ፒክአፕ ባለው ጊታር ላይ ደግሞ አዲሱ ከነባሩ ጋር መስማማት አለበት። በተቃራኒ ፌዝ (የአንዱ ምልክት ሲወጣ የሌላው ሲወርድ) ከተገናኙ፣ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ድምፁ ይቀጥናል፣ በአፍንጫ የሚነገር ይመስላል። ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ግሪን በ1959 በተሠራው የጊብሰን ሌስ ፖል ጊታሩ የታወቀበት የመካከለኛው ቦታ ድምፅ ግን ከዚሁ የመጣ ነው፤ ስለዚህ «ስህተት» ከማለት «ሳይታወቅ የተደረገ ምርጫ» ማለት ይቀላል። የሚያስከፋው ሳያውቁ መግባቱ ነው። ማስተካከያው ሁለቱን ሽቦዎች መለዋወጥ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ የቆዩ ፒክአፖች ወጥመድ አላቸው። የቴሌካስተር የአንገት ፒክአፕ የብረት ክዳኑ ከግራውንድ ሽቦው ጋር ተበይዷል፤ ሽቦዎቹ ሲለዋወጡ ክዳኑ ሆት ይሆንና ለጉርምርምታ አንቴና ሆኖ ያርፋል። ክዳኑን ከኮይሉ ለይቶ በሦስተኛ ሽቦ ወደ ግራውንድ መላክ ያስፈልጋል። በአሮጌው ጊብሰን ሀምባከር ደግሞ የውጭው የሽቦ ሽሩባ ከግራውንድም ከክዳኑም ጋር የተያያዘ ስለሆነ መለዋወጥ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ማግኔቱን መገልበጥ ወይም ኮይሎቹን ከላሜራው መለየት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሰብሳቢዎች ነው፦ «የ1959 ፒክአፕ እንደ ማንኛውም ዕቃ ተለክቶ ከተበየደ ታሪኩ ይጠፋል፤ ስለዚህ ስሙ ይቅደም» ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መደምደሚያው ግን ይገለበጣል። ታሪኩን የሚያጠፋው ልኬት ሳይሆን ስምን ፍለጋ የሚደረገው ፍልፈላ ነው። ክዳን ተነቅሎ የጠመጠማውን ቀለም ለማየት፣ ወረቀቱን አንስቶ ከሥሩ ለመመልከት፣ ዋናውን ሽቦ ቆርጦ አዲስ ለመቀጠል የሚደረገው ሁሉ ምስክሩን ይገድላል። ያልተነካ ብየዳ አንዴ ከቀለጠ አይመለስም። ቴስተር፣ ኢንዳክታንስ ለኪና ኮምፓስ ግን ምንም አይነኩም። ስለዚህ ዋናው ሽቦ በሙሉ ርዝመቱ ይተው፤ አጭር ከሆነ ጫፉ ላይ ሌላ ሽቦ ተቀጥሎ ይሸፈን። ስለ ሰምም እንዲሁ፦ ፒክአፕ ማጉያው ሲጮህ የሚያፏጭ ከሆነ በሞቀ ሰም መንከር የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን አሮጌዎቹ የፕላስቲክ መጠምጠሚያዎች ሙቀት አይችሉም፣ ይጣመማሉ። በቅኔ ሰሙን አልፎ ወርቁን መፈለግ ያስመሰግናል፤ እዚህ ግን ሰም ያቀለጠ ሰው ወርቁንም ያጣል። ተበጥሶ ምንም የማያነብ ኮይል ሲገኝም እንደገና ለመጠምጠም መቸኮል አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ቀጭኑ ሽቦ ከወፍራሙ ጋር በሚገናኝበት የመጨረሻ ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ ያ ከሆነ በማጉሊያ መነጽርና በትዕግሥት ይቀጠላል። የስትራቶካስተር ዓይነቱ ግን ሽቦው በቀጥታ በማግኔቶቹ ላይ ስለተጠመጠመ፣ ላብና እርጥበት ማግኔቱን ሲያዝጉት ከውስጥ ይበጠሳል፤ እዚያ ከመጠምጠም ሌላ መፍትሔ የለም።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ ስም የሌላቸው ፒክአፖች ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። በኦሃዮ ቶሊዶ የሮው ኢንዱስትሪስ ድርጅት በዲአርመንድ ስም፣ በጃፓን ደግሞ ቴይስኮና መሰሎቹ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ወርቃማ ወረቀት ፊት ያላቸውን ርካሽ ፒክአፖች በገፍ አመረቱ። የተገጠሙት በመደብር ካታሎግ በሚሸጡ የጀማሪ ጊታሮች ላይ ነበር፤ ጊታሩ ሲሰበር አብረው ይጣሉ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ራይ ኩደር በስትራቶካስተሩ አንገት ላይ አንድ የቴይስኮ ፒክአፕ ገጥሞ መጫወቱ ሲታወቅ ግን ሰዎች ከየጓዳው ይፈልጓቸው ጀመር። የተለወጠው ስሙ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ከጀርባቸው ምንም ጽሑፍ የላቸውም። አንድ ሰው ጠባያቸውን ሰማ፤ ዋጋው ያንን ተከተለ። የቴይስኮ ስም ዛሬ ሌላው የውሸት መለያ ሆኖ ማንኛውም ወርቃማ ፊት ባለው ነገር ላይ መለጠፉ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ወደ ገጠማው ስንመለስ፣ የቀረው ሥራ አጭር ነው። ኢንዳክታንሱ ዝቅ ያለ ነጠላ ኮይል በተለምዶ ከ250 ኪሎ ኦም ቮልዩም ጋር፣ ሀምባከር ከ500 ኪሎ ኦም ጋር ይገጠማል፤ አነስ ያለው ፖቴንሽዮሜትር ጉብታውን ያለዝባል፣ ትልቁ ያጎላዋል። የቶን ካፓሲተሩ 0.022 ወይም 0.047 ማይክሮፋራድ ቢሆን የሚለየው ቶኑ ሲዘጋ ነው። ለፖቴንሽዮሜትሩ ጀርባ ደካማ ካውያ አይበጅም፤ ሊዱ እስኪቀልጥ ረጅም ጊዜ ስለሚያዝ ውስጡን ያቃጥላል፣ 40 ዋት ያለው ፈጥኖ ይነሳል። ከብሪጁ የሚመጣው የክር ግራውንድ መያያዙም ይታይ። የጊታሩ ክዳን ከመዘጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ የእያንዳንዱን ኮይል ኦም፣ ኢንዳክታንሱን፣ የትኛው ዋልታ ወደ ላይ እንደሆነ፣ የትኛው ሽቦ ፕላስ እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ከውስጥ አስቀምጡ። ቀኑንና የክፍሉን ሙቀት አትርሱ።